ጠሪ አክባሪ ነው

የወንድሜ ልጅ፣ ባለፈው እሑድ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ «ጋሼ፣ ፊልሜ አለቀ፤ አሁን ማስመረቅ ብቻ ነው የቀረኝ» ብለሽ ስልክሽን እጄ ላይ አስቀመጥሽ። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ብቻ። 17 ደቂቃ ነው። ተክለሃይማኖት አካባቢ ያሉት ሽማግሌ ጎሚስታ ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክረው ቀዳዳውን ሲፈልጉ፣ አረፋዋ ብቅ ስትልላቸው እንደ ሕፃን ፈገግ ሲሉ እኔም አብሬያቸው ፈገግ አልኩ። ጥሩ ሠርተሻል። ይህን ያኔውኑ ያልነገርኩሽ እናትሽ ስለነበረች ነው፤ ቋሚ ሥራ ፈልጊ እያለች በምትጨቀጭቅሽ ሰዓት ነገር ማባባስ ይሆናል ብዬ።

እንቅልፍ የነሳችኝ ግን «ማስመረቅ ብቻ» ስትዪ ያልሻት «ብቻ» ናት።

እንደምታውቂው እኔ ፊልም ሠርቼ አላውቅም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ፒያሳ፣ ሲኒማ ቤት ማሽን ክፍል ውስጥ ነው። የማሽን ክፍል መስኮት ከዳዊት መጽሐፍ ብዙም አትበልጥም፤ በዚያች ቀዳዳ የሚታየው ሁለት ነገር ነው፦ ከፊት ሸራው፣ ከታች የተመልካቹ ማጅራት። ሰው ፊቱን ማስመሰል ይችላል፤ ማጅራት ግን አይዋሽም። ፊልሙ የያዘው ሰው አንገቱ ቀጥ ይላል፤ የሰለቸው ወደ ጎረቤቱ ይዘማል፤ መሄድ የፈለገው ደግሞ በሩን ይፈልጋል። «ግሩም ነው» ብሎ እጅ ጨብጦ የሚወጣውን እንግዳ ሁሉ እኔ ከላይ ሆኜ ማጅራቱን አይቼዋለሁ።

ያኔ ፊልም የሚመጣው በጥቅልል ነበር። አንዱ ጥቅልል ቢበዛ 20 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፤ ሊያልቅ ሲል ሸራው ላይ በቀኝ በኩል ከላይ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ እሷን አይተን ሁለተኛውን ማሽን እናስነሳለን። ያንቺ ፊልም አንድ ጥቅልል አይሞላም። አጭር ፊልም ማስተዋወቅ ከረጅሙ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ከአያት ፒያሳ ድረስ ለ17 ደቂቃ የሚመጣበትን ምክንያት መስጠት አለብሽ።

ያሰብሽውን ነግረሽኛል። ትልቅ አዳራሽ መከራየት፣ ቀይ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ስሙ የገነነ ተዋናይ በክብር እንግድነት መጋበዝ፣ በሞንታርቦ ማስቀስቀስ፣ በማግስቱ ዩቲዩብ ላይ መጫን፤ ሁሉም በሦስት ሳምንት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አንቺ ግን እንዲህ ከሄድሽ የምትለቅሚውም አይተርፍሽ። በአገራችን ሰርግ ያለበት ሰው በሬውን ከመግዛቱ በፊት የሚጠራውን ይቆጥራል። ካርዱን በየቤቱ ይዞ ይዞራል፤ ተጠሪውም «ጠሪ አክባሪ ነው» ብሎ ጋቢውን ያነሳል። አንቺ ወንበሩን ቆጠርሽ፣ ምንጣፉን ለካሽ፤ ተጠሪውን ግን አልቆጠርሽም። ለማን ነው ብዬ ብጠይቅሽ «ለሕዝብ» አልሽኝ። ሕዝብ የሚባል ሰው ትኬት መቁረጫው ጋ ቆሞ አይቼ አላውቅም። የሚመጣው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ አንድ ሰው።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ቅድሚያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። ጎሚስታው ፈርመውልሻል? «ይወዱኛል፣ እንደ ልጃቸው ነኝ» እንዳትዪኝ። መውደድና ወረቀት ለየቅል ናቸው። «ድፍረት» የሚባለውን ፊልም ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት ወሰደ፣ በበርሊንም እንዲሁ፤ አንጀሊና ጆሊ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዷ ሆና ስሟን ሰጥታዋለች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ማለቂያ ላይ ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ፣ እንግዳው ተቀምጦ መብራት ሊጠፋ ሲል የፍርድ ቤት እግድ ደረሰና ያን ማታ ሳይታይ ቀረ። እውነተኛ ታሪክን መሠረት ያደረገ ፊልም ነበር። በኋላ እግዱ ተነስቶ ለተመልካች ቀርቧል፤ ማን ልክ ነበር የሚለውን ለመፍረድም አይደለም የማነሳልሽ። ያን የሚያህል ስምና አቅም ያለው ፊልም በምርቃቱ ማታ በአንዲት ወረቀት ከቆመ፣ ያንቺ ስንት ደቂቃ ይቋቋማል?

ሌላም አለ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከጎሚስታው ሬዲዮ የሚሰማው ዘፈን የማን ነው? አንቺ አላስገባሽውም፤ እዚያው ሲዘፈን ካሜራሽ ቀዳው። ቢሆንም ባለቤት አለው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዓመቱ! ዩቲዩብም ያንን ዘፈን በሰከንድ ይለየዋል። ወይ አስፈቅጂ፣ ወይ ድምፁን ቀይሪ። እኔ ብሆን የውኃውን ድምፅ ብቻ እተው ነበር።

ወረቀቱ ሲያልቅ የመጀመሪያው ተጠሪ ጎሚስታው ራሳቸው ናቸው። ከጋዜጠኛው በፊት፣ ከፌስቲቫሉ በፊት፣ ከእኔም በፊት መሆን ነበረበት፤ አሁን ግን አምልጦሻል። ማታ ሱቃቸውን ሲዘጉ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂ። ባለቤታቸውና ረዳታቸው ልጅ ባሉበት አሳዪያቸው። አንቺ ከኋላቸው ቁሚ። ማጅራታቸውን እዪ። ባለቤታቸው ባሏን ስታይ የምትስቅበት፣ እሳቸው የሚያፍሩበት፣ ልጁ «ይህችኛዋን ባታሳዩ» የሚልበት ቦታ ይኖራል። እሱን ሳታውቂ አዳራሽ እንዳትገቢ። በሰው ፊት ያፈረ ሽማግሌን ምንም ሽልማት አይክሰውም።

አሁን ወደ ዩቲዩቡ ልምጣ። ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው አንዴ ብቻ ነው፤ ከትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ብዙዎቹም የሚፈልጉት ያቺኑ አንዴ ናት። በማግስቱ ኢንተርኔት ላይ ከጫንሽው ብዙ በር በራስሽ እጅ ትዘጊያለሽ። ሰፈር ውስጥ ለባለታሪኩ ቤተሰብ ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ምርቃት አይቆጠርም፤ ዩቲዩብ ግን ይቆጠራል። አንዳንዶቹ ደግሞ የሚጠይቁት በራሳቸው አገር ቀድሞ እንዳይታይ ብቻ ነው፤ ለእነዚህ አዲስ አበባ ላይ ማሳየትሽ ምንም አይጎዳሽም። ስለዚህ ከመላክሽ በፊት ደንባቸውን አንብቢ፤ እንደ ኪራይ ውል፣ ቃል በቃል። ርዝመቱንም እዪ። የካን የአጭር ፊልም ውድድር ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም፤ ያንቺ በ2 ደቂቃ ትበልጣለች። ለእሱ ብለሽ ግን ጎሚስታውን እንዳትቆርጪያቸው! በርሊን እስከ 30 ይቀበላል፤ ኦስካር ደግሞ የባለሙያዎቹን ስም ዝርዝር ጨምሮ እስከ 40 ያለውን አጭር ይለዋል። ፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ለአጭር ፊልም ብቻ የቆመ ፌስቲቫል አለ፤ ፊልም ገዢና ሻጭ የሚገናኝበት ገበያም አለው። ዋጋዱጉ ላይ ከ1969 ጀምሮ ያለው ፌስፓኮ በየሁለት ዓመቱ አፍሪካን ይሰበስባል።

እኔ ብሆን አራት ወይም አምስት እመርጣለሁ፤ ሃምሳ ቦታ አልበትንም። የማመልከቻው ክፍያ ብዙ ጊዜ በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ እናትሽ ቦርሳ ውስጥ የለም። ክፍያ እንዲያነሱልሽ በትሕትና ጻፊላቸው፤ አንዳንዶቹ ለእንዳንቺ ላለ ጀማሪ ያነሳሉ። ካላነሱም «አይ» ማለታቸው አይገድልሽም። ግን በየወሩ «ምርጥ ፊልም» እያሉ የዘንባባ ቅጠል ሥዕል በኢሜይል የሚልኩ፣ አዳራሽም ተመልካችም የሌላቸው አሉ። ዓላማቸው ክፍያሽ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንደዚህ ያለ ነገር ነው። ፖስተርሽ ላይ አሥር የማይታወቅ ዘንባባ ከሚደረደር ንጹሑን ብትተዪው ይሻላል።

ደግሞ ፌስቲቫል እጠብቃለሁ ብለሽ ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ እንዳታስቀምጪው። ጎሚስታው ሽማግሌ ናቸው።

ወደ አዳራሹ ልግባ፤ ይህ የእኔ መንደር ነው፤ ብዘበዝብሽ ቻዪኝ።

አንድ ወጣት ነበር። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሠራትን፣ ከታች የአማርኛ ጽሑፍ ያላትን ፊልም በፍላሽ ይዞ መጣ። ምርቃቱ 12 ሰዓት ነው፤ እሱ የደረሰው ለ12 ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ከረባቱ እንኳ ገና አልታሰረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፍላሹን ሰካነው፣ ከፈተ፣ ተመስገን አልን። አምስት ደቂቃ እንደሄደ ሰው መናገር ሲጀምር ከታች ፊደል የሚመጣበት ቦታ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን ተደረደረ። የእኛ ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደሉ የለውም። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ ሳል፤ ቀጥሎ ያ ሁሉ ማጅራት አንድ ላይ ዞሮ ወደ እኔ መስኮት አየ። በዚያ ሁሉ ዓመት የተመልካች ፊት ያየሁት ያን ማታ ብቻ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ ከአንድ ቀን በፊት አምጣው ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ጽሑፉ ከሥዕሉ ጋር አንድ ላይ የተጋገረ ይሁን፣ ለብቻው ፋይል አይሁን። ሁለት ቅጂ፣ በሁለት የተለያየ ዲስክ፣ በሁለት ሰው ኪስ። አዳራሹ የሲኒማ ማሽን ካለው ዲሲፒ የሚባለውን የሲኒማ ፋይል ይጠይቅሻል፤ ከሌለው በምን ዓይነት ፋይል እንደሚያጫውቱ ኦፕሬተሩን ጠይቂ፣ ሥራ አስኪያጁን አይደለም። ከዚያ 17ቱንም ደቂቃ እዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማሽን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዪው። «ከፈተ» ማለት «ሠራ» ማለት አይደለም፤ ያልተገላበጠ ያራል። አዳራሽ በሰው ሲሞላ ድምፅ ይዋጣል፤ ባዶውን ሲሞከር ትንሽ የጮኸ የሚመስልሽ በዕለቱ ልክ ይሆናል። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ማን እንደሆነ፣ ያን ቀን ይኑር አይኑር፣ ነዳጅ ይኑረው አይኑረው በስም ጠይቂ። ለኦፕሬተሩ ሻይ ግዢለት። ይህን የምለው ለራሴ ወገን አድልቼ ነው፤ ቢሆንም ግዢለት።

ትልቁን አዳራሽ ተዪው። ሞልቶ ሰው በር ላይ የቆመበት ትንሽ አዳራሽ ለከተማው ወሬ ይሆናል፤ ግማሹ ባዶ የሆነ ትልቅ አዳራሽም ወሬ ይሆናል፣ ግን ሌላ ወሬ። የባህል ተቋማቱን፣ አሊያንስን፣ ጎተን ጠይቂ፤ ለእንዳንቺ ላለ ሥራ የሚመጥን አዳራሽ አላቸው። ለብቻሽም አትቁሚ። አጭር ፊልም ሠርተው ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡ ጓደኞች አሉሽ፤ ሦስቱን ጥሪና የአንድ ሰዓት ከሩብ ፕሮግራም ሥሩ። ያን ጊዜ ከአያት የሚመጣው ሰው የታክሲው አይቆጨውም፤ የእነሱም ዘመድ ያንቺን ያያል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ማን ይቅደም ብላችሁ እንዳትጣሉ፤ ሦስተኛ ሁኚ፤ ዘግይቶ የገባውም ያገኝሻል፣ ገና የደከመም የለም።

የክብር እንግዳውን ነገር እንኳን ነገርሽኝ። አንድ ጊዜ የ12 ደቂቃ ፊልም ምርቃት ላይ ንግግሩ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እንግዳው ዘገየ፤ ሲመጣ ተናገረ፤ ስፖንሰሩ ተናገረ፤ የስፖንሰሩ ምክትል ተናገረ። ፊልሙ ሲጀመር የፊተኛው ረድፍ የለም፣ ወደ እራት ወጥቷል። የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ፊት ወንበር ላይ ጎሚስታው ይቀመጡ። ምስጋናሽን በወረቀት አትሚና ወንበር ላይ አስቀምጪ። ሦስት ደቂቃ ተናገሪ፣ መብራት ይጥፋ።

ቀኑንም ምረጪ። ክረምት ላይ አይሁን፤ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የትኛውም ድምፅ ማጉያ አያሸንፈውም። የመስከረም መጀመሪያ ሰው ኪሱ በደብተርና በዩኒፎርም ይራቆታል። አርሰናልና ማንቸስተር የሚገናኙበት ማታ ደግሞ የገዛ ወንድምሽም አይመጣልሽም፤ ፕሮግራሙን አይተሽ ቅጠሪ። ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሰው ሳይመሽበት ይመለሳል።

ማስተዋወቁን በተመለከተ፣ ሞንታርቦ ለዘፈን አልበም ነው። ለአንቺ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ይበጅሻል። ከካሜራ እስከ ሻይ አፍይው ድረስ ስንት ሰው ሠራው? አሥራ አንድ ብለሽኛል። እያንዳንዱ አሥር ሰው በድምፅ ይጥራ፣ ደውሎ፣ ስም ጠርቶ። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ ነገር ጥሪ አይደለም፤ ለሁሉም የተላከ ለማንም አልተላከም። ፖስተሩንም መጀመሪያ የምትለጥፊው ቦሌ ካፌ ውስጥ ሳይሆን ጎማ ቤቱ በር ላይ ነው። የእሳቸው ደንበኞች ሚኒባስ ሾፌሮች ናቸው፤ ሾፌር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከተማውን ያወራል። አምስት ሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ ፖስተሩን ቢለጥፉልሽ፣ ከኋላ ያለው መኪና በመብራት ላይ የሚያነበው ሌላ ነገር የለውም።

ትሬለሩ ከ30 ሰከንድ አይብለጥ። እጃቸውን፣ ውኃውን፣ የምትወጣውን አረፋ አሳዪ፤ ፈገግታቸውን ግን ለአዳራሹ አስቀሪ። ሬዲዮ ከጠሩሽ ብቻሽን አትሂጂ፤ ጎሚስታውን ይዘሽ ሂጂ። ስለ ጎማ ሲያወሩ ካንቺ ይልቅ ስለ ፊልምሽ ብዙ ይናገራሉ። የቲክቶክ ቁጥር ሲጨምር ደግሞ ልብሽ አይበር፤ ሺህ ቢታለብ ያው በገሌ ብላለች ድመት። አንድ ሚሊዮን ዓይን ቢያልፍበትና አንድ ሰው ወንበር ላይ ካልተቀመጠ ለኦፕሬተሩ ምን ይጠቅመዋል?

በዚህ መንገድ አይሆንም ካልሽኝ የጎንደሩን ኃይሌ ገሪማን አስቢ። «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ላይ ለውድድር አቀረበው፤ አሜሪካ ሲመለስ ግን የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አጣ። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራይተው ዋሽንግተን ላይ አሳዩት፤ ከዚያ ከተማ በከተማ እየዞሩ፣ በየከተማው ያለውን ማኅበረሰብ እያስተባበሩ። ጥቁር አሜሪካውያን ሰልፍ ይዘው ገቡ። ካስተማረበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚያው ስም የከፈቱት መጻሕፍትና ፊልም የሚሸጥበት ቤት ዛሬም የእኛ ሰው ዋሽንግተን ሲሄድ የሚጎበኘው ነው። ፊልሙ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ! ኔትፍሊክስ እስኪጠራው ድረስ እሱ ሲጠራ ነበር።

አጭር ፊልም ደግሞ ረጅሙን ይጠራል። ጄሲካ በሺር ሐረር ላይ ጅብ የሚያበሉትን ሰው የቀረጸችባት «ሃይራት» አጭር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰንዳንስ ታየች። በ2021 እዚያው ሰንዳንስ «ፋያ ዳዪ» የተባለ ረጅም ፊልሟን ይዛ ተመለሰች። ስለዚህ በምርቃቱ ቀን በር ላይ አንድ ደብተር አስቀምጪ፤ የሚወጣው ሰው ስሙንና ስልኩን ይጻፍልሽ። አበባው በሦስተኛው ቀን ይደርቃል። ደብተሩ ግን ለሁለተኛው ፊልምሽ የመጀመሪያ ጥሪ ነው፤ ስለዚህ እንዳይጠፋ ለእናትሽ ስጫት፣ እሷ የእቁብ ደብተር ጠፍቶባት አያውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፍላሹን ይዘሽ ነይ፤ የማውቀው ኦፕሬተር አለ፣ አዳራሹ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው። ጎሚስታውን በተመለከተ፣ ለምርቃቱ መኪና ልላክላቸው ብዬ አስቤ ነበር፤ የእኔዋ ቮልስ ግን የኋላ ግራ ጎማዋ ሰሞኑን ቀስ እያለ ይተነፍስብኛል። ነገ ጠዋት ተክለሃይማኖት ወስጄ ላሳያቸው። አረፋው ሲወጣ አጠገባቸው እቆማለሁ፤ በዚያው ካርዱን በእጄ እሰጣቸዋለሁ።